አረንጓዴው አፕል በደጋችን፦ የግራኒ ስሚዝ ጠባይ

(በደብረ ብርሃን ለአፕል አብቃዮችና ለግብርና ተማሪዎች ከቀረበ ንግግር የተጻፈ)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አደራችሁ?

ስለ አፕል እንድናገር ነው የተጠራሁት። በዓለም ላይ በሺህ የሚቆጠሩ የአፕል ዝርያዎች ስላሉ ግን ስለ ሁሉም የሚናገር ሰው ስለ አንዱም ሳይናገር ይወርዳል። ስለዚህ አንዱን ብቻ ይዤ መጥቻለሁ፤ ግራኒ ስሚዝን። በአዲስ አበባ ሱፐርማርኬቶች ከውጭ መጥቶ የሚሸጠውን፣ አረንጓዴውንና ኮምጣጣውን ማለቴ ነው። ከ150 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነባር ዝርያ ነው። ከመካከላችን ተክሎት ተስፋ የቆረጠበት ሰው ጥቂት አይደለም። «ኮምጣጣ ነው፣ ድንጋይ ነው፣ ገበያ አይወጣም» ተብሎ የተቆረጠ ዛፍ በዓይኔ አይቻለሁ፤ አንጀቴን በልቶታል። ዛሬ ለዚህ ዛፍ ጠበቃ ሆኜ ነው የቆምኩት። የምከራከረውም ጠባዩን ሳናውቅ ፈረድንበት ብዬ ነው።

ከትውልዱ ልጀምር። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ማሪያ አን ስሚዝ ከእንግሊዝ ወደ አውስትራሊያ የፈለሰች፣ በሲድኒ ከተማ አቅራቢያ ከባለቤቷ ጋር ፍራፍሬ የምታመርት ገበሬ ነበረች። ታሪኩ ሲነገር፣ ከታዝማኒያ ደሴት የመጡ ትንንሽ ኮምጣጣ አፕሎች ተርፈዋት በወንዝ ዳር ጣለቻቸው፤ ከዚያ ጥራጊ መካከል አንድ ችግኝ በቀለ። በ1868 አንድ የ12 ዓመት ልጅ ከአባቱ ጋር ሄዶ ያንን ችግኝ አይቶ ነበር። ታሪኩ በጋዜጣ ታትሞ የወጣው በ1924 ነው፤ የተናገረውም ያ ልጅ ሸምግሎ ነው። ማሪያ በ1870 ሞተች። አፕሏ ዓለምን ሲዞር አላየችም። ጎረቤት ገበሬዎች ግን ቅርንጫፉን እየወሰዱ አራቡት። በ1891 በአካባቢው የግብርና ትርኢት ላይ በእሷ ስም ቀርቦ ሽልማት አገኘ። የተሸለመው በምን ዘርፍ እንደ ነበር ልብ በሉልኝ፤ ለማብሰያ በሚሆን አፕል ዘርፍ ነው። ኮምጣጣነቱ ያኔም የታወቀ ነበር፤ እንደ ጉድለት የቆጠረው ግን አልነበረም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ዛሬ ባሶና ወራና ውስጥ በአንድ ጓሮ የቆመው ግራኒ ስሚዝና በፈረንሳይ አገር የቆመው ግራኒ ስሚዝ ዘመዳሞች አይደሉም፤ አንድ ዛፍ ናቸው። ከወንዝ ዳሩ ችግኝ ቅርንጫፍ ተቆርጦ በሌላ ሥር ላይ ተጣበቀ፤ ከዚያኛው ደግሞ ተቆርጦ በሌላ ላይ ተጣበቀ፤ እንዲህ እየተባለ እዚህ ደረሰ። ማጣበቅ የምንለው ይህንን ሥራ ነው። በመካከል ሰው ሁሉ ቢላዋውን አስቀምጦ ዛፎቹ አርጅተው እስኪሞቱ ቢቆይ ኖሮ ዝርያው ከምድር ይጠፋ ነበር።

በዘር አይተካም ወይ ትሉኝ ይሆናል። እስቲ ቤታችሁ ስትገቡ አንድ አፕል ወገቡ ላይ አግድም ቁረጡ። አምስት ጫፍ ያለው ኮከብ ታያላችሁ፤ በእያንዳንዱ ጫፍ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዘር ይገኛል። እነዚያን ዘሮች ብትዘሯቸው የሚበቅሉት ዛፎች እናታቸውን አይመስሉም፤ እርስ በርሳቸውም አይመሳሰሉም። አንዱ ፍሬው እንደ ዕንቁላል ያንሳል፣ ሌላው ይመራል፣ ሦስተኛው ከስንት ዓመት በኋላ እንኳ አያፈራም። እኛ የገብስ አገር ሰዎች ነን፤ ጥሩውን ዛላ መርጠን፣ ዘሩን ጎተራ አስገብተን፣ ለከርሞ ያንኑ ገብስ ማጨድ ለምደናል። ገብስ ራሱን በራሱ ያዳቅላል፤ አፕል ግን ከሌላ ዝርያ የአበባ ዱቄት ካልመጣለት በደንብ አያፈራም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ዘር አዲስ ድብልቅ ነው። የአያቶቻችን የዘር አያያዝ ለገብሱ የሠራውን ያህል ለአፕሉ አይሠራም። ከዘር የበቀለ ችግኝ «ግራኒ ስሚዝ ነው» ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ፣ አትግዙት። ዛፉ የሚያፈራው ከአምስትና ከስድስት ዓመት በኋላ ነው፤ የጠፋችሁን ያን ጊዜ የሚመልስ የለም።

እግረ መንገዴን አንድ ሰው ላንሣ። ኒኮላይ ቫቪሎቭ የሚባለው ሩሲያዊ የዕፅዋት ሊቅ በ1927 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ራስ ተፈሪን አግኝቷል፤ የገብሳችንንና የስንዴያችንን ብዛትና ልዩ ልዩነት አይቶ አገራችንን ከዓለም የሰብል ምንጮች አንዷ ብሎ መዝግቧታል። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1929 ይኸው ሰው ካዛክስታን ውስጥ አልማቲ አካባቢ፣ በቲያን ሻን ተራሮች ግርጌ ቆሞ የዱር አፕል ደን አየ። የምንበላው አፕል ሁሉ የመጀመሪያ አገር ያ ነው አለ። ዘግየት ብሎ የመጣው የዘረ መል ጥናትም ዋናው የዘር ግንድ ከዚያ እንደሆነ አረጋግጧል። የእኛን ገብስና የእነሱን አፕል ያው አንድ ዓይን አያቸው ማለት ነው። ቫቪሎቭ ኋላ ታስሮ በ1943 እስር ቤት ውስጥ ሞተ። ይህን ሰው የሰሜን ሸዋ ተማሪ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል እላለሁ።

ወደ ዛፋችን እንመለስ። አፕል የብርድ አገር ዛፍ ስለሆነ ካልተኛ አይነቃም። ክረምታቸው ከበድ ባለ አገሮች ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል፤ የሚበቃውን ቅዝቃዜ ሲያገኝ ያብባል። ባለሙያዎች ከ0 እስከ 7 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ያለፈውን ሰዓት ይቆጥራሉ። ግራኒ ስሚዝ ከ400 እስከ 600 ሰዓት ይበቃዋል። ከነባሮቹ መካከል ይህ ዝቅተኛ ነው፤ ሬድ ዴሊሽየስን የመሰሉት ከዚህ ብዙ የበለጠ ይፈልጋሉ። ከእስራኤል የመጣው አናና ከባሃማስ የመጣው ዶርሴት ጎልደን ደግሞ ከዚህም በጣም ያነሰ ይበቃቸዋል፤ ለዚህ ነው ዝቅ ባሉት ወረዳዎች እነሱ የሚመከሩት።

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቷን እናንተ ታውቁታላችሁ፣ እኔ አልነግራችሁም። ችግሩ ቀኑ ነው። ሌሊት የተጠራቀመውን ቅዝቃዜ የቀን ፀሐይ ከፊሉን ይሽረዋል። ዛፉም ግራ ይገባዋል፤ ቅጠሉን ሙሉ በሙሉ አያራግፍም፣ አንዱ ቅርንጫፍ ሲያብብ ሌላው ፍሬ ተሸክሞ ይገኛል። ስለዚህ ቅጠሉን እኛው እናራግፍለታለን። በጋሞ ደጋ ያሉት ጨንቻዎች ከእኛ ቀድመው አፕል የለመዱ ናቸውና ይህን ሥራ በሚገባ ያውቁበታል።

አራገፋ ላይ እጃችሁን ተቆጣጠሩ። ቅጠሉ ከቅርንጫፉ በሚገናኝበት ብብት ውስጥ የስንዴ ፍሬ የምታክል እንቡጥ ተቀምጣለች፤ የሚመጣው አበባ እሷ ናት። ቅጠሉን ወደ ታች ብትመነጭቁት እንቡጧን ከነቅርፊቷ ይዟት ይወርዳል። የቅጠሉን ገላ ብቻ ቆርጣችሁ ዘንጉን ተዉት፤ ዘንጉ በራሱ ጊዜ ይወድቃል። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ለልጅ ሰጥቶ መሄድ አይቻልም።

መቼ ይራገፍ? ሰሜን ሸዋ ላይ ከማንም አገር በተለየ መልኩ ልንጠነቀቅ የሚገባን እዚህ ነው። አበባው ሙሉ በሙሉ በተከፈተበት ሰዓት የአየሩ ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ አበባ መሞት ይጀምራል፤ ከዜሮ በታች 4 ዲግሪ ከደረሰ የሚተርፈው እምብዛም ነው። ውርጭ የመታውን አበባ ከውጭ ስታዩት ደህና ይመስላል፤ ከፍታችሁ መካከሉን ብታዩ ግን ጠቁሯል። በመስከረምና በጥቅምት ቅጠል ያራገፈ ሰው አበባውን ለኅዳር ውርጭ አሳልፎ ሰጠ። የእኔ ምክር ጥምቀት ካለፈ በኋላ ይሁን የሚል ነው። ከአንድ ወር ገደማ በኋላ በየካቲት ያብባል፤ የከፋው ውርጭ አልፏል፣ በልግ ከዘነበም ይደርስለታል። በልግ ቢቀር ግን ውኃ ማጠጣት ግድ ነው፤ ውኃ የሌለው ሰው በዚህ ጊዜ አያራግፍ።

ስለ አበባው ሳነሣ አንድ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ላስረዳ። ግራኒ ስሚዝ ራሱን በከፊል ያዳቅላል፤ ብቻውን ቢቆም ጥቂት ፍሬ ይሰጣል። ጥሩ አድርጎ እንዲያፈራ ግን በአንድ ጊዜ የሚያብብ ሌላ ዝርያ በአጠገቡ ያስፈልገዋል፤ ጋላ ወይም ጎልደን ዴሊሽየስ ጥሩ ጓደኞቹ ናቸው። አገራችን ውስጥ ክሪስፒን የሚባለው ዝርያም ተሠራጭቷል፤ ፍሬው ትልቅና የሚያምር ስለሆነ ሰው ይወደዋል። ይሁን እንጂ ክሪስፒን የዘረ መል ቅጂው እንደ ሌሎቹ ሁለት ሳይሆን ሦስት ነው፤ በዚህ ምክንያት የአበባ ዱቄቱ መካን ነው ማለት ይቻላል። ከጎረቤቱ ይቀበላል እንጂ አይሰጥም። አንድ ግራኒ ስሚዝና አንድ ክሪስፒን ተክሎ «ሁለት ዝርያ አለኝ» የሚል ሰው ለግራኒ ስሚዙ ጓደኛ አልተከለለትም። ክሪስፒን የሚወድ ሰው ሦስተኛ ዝርያ ይጨምር።

ደግሞም ዱቄቱን የምታደርሰው ንብ ናት። ንብ በብርድ አትወጣም፤ አየሩ ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን ከቀፎዋ አትነቃነቅም። የየካቲት ጠዋት ፀሐይ እስክትሞቅ ድረስ አበባው ይጠብቃታል ማለት ነው። ቀፎ ያላችሁ ሰዎች ከንፋስ በተከለለ ቦታ፣ አፉ ወደ ምሥራቅ ዞሮ የጠዋት ፀሐይ እንዲያገኘው አድርጋችሁ አስቀምጡት። አበባ ላይ ባለ ዛፍ ፀረ ተባይ መርጨት ንብን መግደል ነው፤ እባካችሁ አታድርጉት።

አሁን ፍሬው። ግራኒ ስሚዝ ለምን አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል? ቀይ አፕሎች ልጣጫቸው ውስጥ ቀይ ቀለም የሚሠሩት በፀሐይ ብርሃንና በሌሊት ቅዝቃዜ ነው። ግራኒ ስሚዝ ይህን ቀለም እምብዛም አይሠራም፤ አልፎ አልፎ ፀሐይ ያየው ጎኑ ላይ ቀላ ያለ ጥላ ይታይበታል እንጂ። በየካቲት ያበበ ዛፍ ፍሬው የሚሞላው በሐምሌና በነሐሴ፣ ደመናው ሳይገለጥ ነው። ቀዮቹ ዝርያዎች በዚህ ወቅት ገርጥተው ይወጣሉ፤ ገዢም «አልበሰለም» ብሎ ዋጋ ይሰብርባቸዋል። ግራኒ ስሚዝ ከፀሐይ ቀለም ስለማይለምን ደመናው አይጎዳውም። ለክረምታችን ይህ ትልቅ ስጦታ ነው። በበጋው ደግሞ የደጋ ፀሐይ ብርቱ ስለሆነ ያልተከለለ ፍሬ ልጣጩ ቢጫና ቡናማ ሆኖ ይቃጠላል፤ ስትገርዙ ዛፉን ራቁቱን አታስቀሩት፤ በምዕራብ በኩል ለፍሬው ጥላ የሚሆን ቅጠል ይተርፍ።

መጥፎ ጎኑንም አልደብቅም። ስካብ የሚባለው የፈንገስ በሽታ በዝናብ ወቅት ያጠቃዋል፤ ቅጠሉና ፍሬው ላይ ጥቁር ቅርፊት ያወጣል። በዛፍ ሥር የወደቀውን ቅጠል ሰብስቦ ማቃጠል ወይም መቅበር በሽታውን ይቀንሳል። ዐመዳይ የሚባለው፣ ነጭ ብናኝ የሚመስል የፈንገስ በሽታም ይወደዋል። የክረምቱን በረዶ በተመለከተ የምላችሁ መድኃኒት የለኝም፤ መረብ የመዘርጋት ዐቅም ያለው ይዘርጋ።

ኮምጣጣ ነው ወደሚለው ክስ ልምጣ፤ ከሁሉ በላይ የመጣሁበት ጉዳይ ይህ ነው። ጋላ ካበበ አራት ወር ሳይሞላው ይደርሳል። ግራኒ ስሚዝ ከ165 እስከ 190 ቀን፣ በብርዳማ ቦታ ከዚያም በላይ ይፈልጋል፤ ከነባር ዝርያዎች ሁሉ ዘግይተው ከሚደርሱት ነው። እኛ ግን ጎረቤት ያለው ጋላ ሲለቀም እሱንም አብረን እንለቅመዋለን። ፍሬው በአራት ወሩ መጠኑን ይዟል፣ አረንጓዴነቱም ያው ነው፤ ሰው «ከዚህ ወዲያ ምን ይጨምራል?» ይላል። ውስጡ ግን ገና ስታርች፣ ማለትም የማይጣፍጥ ዱቄት መሰል ነገር ነው። ስታርቹ ወደ ስኳር የሚለወጠው በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ነው። ሁለት ወር ቀድሞ የተለቀመውን ፍሬ ነክሶ ዛፉን መርገም ፍርደ ገምድልነት ነው።

መድረሱን በዓይን የምታዩበት ቀላል መንገድ አለ። ከፋርማሲ አዮዲን ግዙ፤ በውኃ ቀጠን አድርጋችሁ ሰሃን ላይ አፍስሱ። ከዛፉ መካከለኛ ቁመት ላይ አንድ ፍሬ ቀጥፋችሁ ወገቡን አግድም ቁረጡና የተቆረጠውን ፊት አዮዲኑ ውስጥ አስነክሩት። ስታርች ያለበት ቦታ ሁሉ ወደ ሰማያዊና ጥቁር ይለወጣል። ጥሬ ፍሬ ፊቱ በሙሉ ቀለም ይመስላል። እየደረሰ ሲሄድ ጥቁረቱ ከኮከቡ ዙሪያ ጀምሮ ይጠራል፤ ነጩ ከመሐል ወደ ልጣጩ እየሰፋ ይመጣል። ለማከማቸት የምትፈልጉት መሐሉ ጠርቶ ዳሩ ገና ጥቁር ሳለ ይለቀም፤ ወዲያው ለሚበላ ጥቁረቱ በልጣጩ ሥር ቀጭን መስመር እስኪሆን ይቆይ። በየሳምንቱ ከተለያዩ ዛፎች ጥቂት ፍሬ ፈትኑ። የተፈተነውን ፍሬ ግን ጣሉት፤ አይበላም። አዮዲን ያላገኘ ሰው ዘሩን ይይ፤ ነጭ ዘር ያለው ፍሬ ገና ነው፣ የደረሰው ዘሩ ቡናማ ነው። ልጣጩም ከሣር አረንጓዴነት ወደ ቢጫ ያደላል፤ ነጫጭ ነጠብጣቦቹ ጎልተው ይወጣሉ።

በጊዜው የተለቀመ ግራኒ ስሚዝ ኮምጣጣነቱ አይጠፋም፤ የአፕል አሲዱ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ከሥሩ ጣፋጭነት ይኖረዋል፣ ሲነከስ ይሰበራል እንጂ አይላላም። በየካቲት አጋማሽ ካበበ የሚደርሰው ወደ ፍልሰታ መጨረሻና ወደ ዕንቁጣጣሽ ነው። የጾም ገበያውንም የበዓሉንም ገበያ የሚያገኝ ፍሬ ነው። እሳት ላይ ቢበስል አይፈርስም፤ ለማርማላታም ሆነ ለኬክ ዳቦ ቤቶች የሚፈልጉት እንዲህ ያለውን ነው።

አያያዙም የሚያስመሰግነው ነው። ልጣጩ ወፍራም ነው፣ የራሱ ሰም አለው፤ ቀዝቃዛ መጋዘን ውስጥ ወራት ይቆያል። የደብረ ብርሃን ቀዝቃዛ ክፍልም እንደ መጋዘኑ ባይሆንም ሳምንታት ያቆየዋል። ከሽንኩርት ጋር አታስቀምጡት፤ ሽታ ይስባል። ጥሬውን ተለቅሞ የተከማቸ ግራኒ ስሚዝ ግን ልጣጩ ይበልዛል፤ ስለዚህ መቸኮል በዛፉ ላይም በጎተራም ያስቀጣል።

ከመሬት በታች ያለውን ነገር ሳልናገር አልወርድም። አብቃዮች ሩትስቶክ የምትሉት፣ ሥር የሚሆነው ተክል፣ በአገራችን በብዛት ኤም ኤም 106 ነው። እንግሊዝ አገር የተዳቀለ ሲሆን ከወላጆቹ አንዱ ኖርዘርን ስፓይ የሚባል ነባር የአሜሪካ አፕል ነው፤ በሥርና በግንድ ላይ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር የሚያወጣውን የአፕል ክሽክሽ የተባለ ተባይ የሚቋቋመው ከዚያ በወረሰው ጠባይ ነው። ድክመቱ ውኃ መጥላቱ ነው። ክረምት ውኃ በሚቋጥር መረሬ መሬት ላይ ከተተከለ የግንዱ አንገት ይበሰብሳል፤ ዛፉ ቅጠሉ ቀልቶ ቀስ በቀስ ይሞታል። መረሬ ያላችሁ ሰዎች በጉብታ ላይ ትከሉ፣ ቦይ ቅደዱ፣ የተጣበቀበትን ቦታ ከአፈር በላይ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጉት። ከባሕር ዛፍ አጠገብም አትትከሉ፤ ውኃውን አያተርፍለትም።

ቅንጣቢ፣ ማለትም ለማጣበቅ የሚቆረጥ ቅርንጫፍ የምትፈልጉ ሰዎች፣ ከጥምቀት በኋላ መግረዝ ስንጀምር ከእናት ዛፎቻችን ላይ እንቆርጣለን፤ በነፃ ነው። የእርሳስ ውፍረት ያለው የዘንድሮ ቅርንጫፍ ነው የሚያስፈልገው። እርጥብ ጨርቅና ላስቲክ ይዛችሁ ኑ፤ ፀሐይ ሳይመታው ወደ ቤት ይግባ። አንድ ጥቅል ላይ አንድ ስም ብቻ ይጻፍ፤ ስታጣብቁም ያው ስም ከዛፉ ላይ ይንጠልጠል። ብዕር በዝናብ ይለቃልና በቆርቆሮ ቁራጭ ላይ በሚስማር ጻፉት፤ ሽቦውን ላላ አድርጋችሁ እሰሩት፣ ግንዱ ሲወፍር እንዳይቆርጠው።